ለኳንተም ሙከራ ሲሙሌሽን የትኛውን መሣሪያ እንምረጥ? በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኳንተም ፊዚክስን የሚማር ሰው፣ ነጠላ ፎቶን የሚቆጥር መሣሪያ ወይም ለፍጹም ዜሮ በተቃረበ ቅዝቃዜ የሚሠራ ኪዩቢት (ሁለት ደረጃዎች ያሉት የኳንተም መረጃ አሃድ) በቀላሉ አያገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ንብረት ላይ የደረሰው ዝርፊያና ውድመት ደግሞ የላቦራቶሪን ነገር ይበልጥ አክብዶታል። በአንጻሩ የሙከራውን ሒሳብ በላፕቶፕ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ፤ ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ወደ ሲሙሌሽን ማዘንበላቸው የሚበረታታ ነው። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያ ሲመረጥ ነው። ፕሮባቢሊስቲክ ፕሮግራሚንግ የሚለው ስም ከኳንተም ጋር የተዛመደ ስለሚመስል፣ ተማሪው «ኳንተም ስለ ዕድል ይናገራል፤ ይህም የዕድል ቋንቋ ነው፤ እንግዲያው አንዱ ለሌላው የተሠራ ነው» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ሐሳቡ ከፊል እውነት አለው፤ የጎደለው ክፍል ግን የወራት ሥራ ሊያባክን ስለሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነጥብ የሚከተለው ነው፦ ፕሮባቢሊስቲክ ፕሮግራሚንግ የኳንተም ሥርዓትን ራሱን ለማስላት የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ከመሣሪያ የወጣን የቆጠራ ውጤት ተቀብሎ በስተጀርባው ያሉትን ያልታወቁ መጠኖች፣ ከነእርግጠኝነታቸው ልክ፣ ለመገመት ግን እስካሁን ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ምርጫው የሚወሰነውም ተማሪው ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የትኛውን ሊሠራ እንደተነሣ በመለየት ነው።

ከምርጫው በፊት፦ አምፕሊቱድና ዕድል

በፕሮባቢሊስቲክ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ዳታው እንዴት እንደተፈጠረ የሚተርክ ፕሮግራም ይጽፋል። ያልታወቁትን መጠኖች በቅድመ ግምት ስርጭት ይወክላቸዋል፤ ከእነርሱ ተነሥቶ የሚጠበቀውን ውጤት ያሰላል፤ በመጨረሻም በእውን የታየውን ውጤት ያስገባል። ሶፍትዌሩ በቤየዝ ሕግ መሠረት ወደ ኋላ ተመልሶ ያልታወቁት መጠኖች ምን ያህል ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ብዙ ናሙናዎችን ያወጣል። በዚህ አሠራር ውስጥ የሚደመሩት ዕድሎች ናቸው፤ ዕድል ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም።

በኳንተም ፊዚክስ ግን በቅድሚያ የሚደመሩት አምፕሊቱዶች ናቸው። አምፕሊቱድ ኮምፕሌክስ ቁጥር በመሆኑ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ወደ ዕድል የሚለወጠውም ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1926 ባቀረበው ሕግ መሠረት፣ ድምሩ ካለቀ በኋላ መጠኑ በራሱ ሲባዛ ነው። ልዩነቱ በሁለት ስንጥቆች ሙከራ ላይ በጉልህ ይታያል። አንድ ተማሪ «ኤሌክትሮኑ ከሁለቱ ስንጥቆች አንዱን በእኩል ዕድል ይመርጣል፤ ከዚያ በመረጠው ስንጥቅ ትይዩ የሆነ ቦታ ላይ ያርፋል» ብሎ ፕሮግራሙን ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስሕተት ይሠራል፤ የሚያሳየው ግን የሁለት ጉብታዎችን ድምር ብቻ ነው። በላቦራቶሪ የሚታዩት ጥቁርና ብሩህ መስመሮች ናሙናው ሚሊዮን ቢደርስም አይመጡም። መስመሮቹ እንዲመጡ በስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሁለቱን መንገዶች አምፕሊቱድ አስቀድሞ መደመር፣ የድምሩን መጠን በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከተገኘው ስርጭት ናሙና ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ በዘፈቀደ የሚመረጠው የመጨረሻው ቦታ ነው፤ መንገዱ አይደለም።

ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው የፊዚክስ ሲሙሌሽን ጽሑፉ ያነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር። ተራ ኮምፒውተር ዕጣ እየጣለ ተፈጥሮን እንዲመስል ለማድረግ ሲሞከር፣ ዕድል መሆን የሚገባቸው ቁጥሮች በአንዳንድ ቦታ አሉታዊ ሆነው እንደሚመጡ አሳየ፤ ኳንተም ኮምፒውተር የሚለው ሐሳብ ከተወለደባቸው ጽሑፎችም አንዱ ሆነ።

ለክፍል ማስተማሪያ ከዚህም የሚበልጥብኝ የቤል ሙከራ ነው፤ የተለያዩ ሁለት ቅንጣቶች ውጤት አስቀድመው በያዙት የጋራ ስውር መጠን ብቻ ሊገለጽ ይችል እንደሆነ ይፈትናል። ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 ያረጋገጠውን፣ ክላውዘር፣ ሆርን፣ ሺሞኒና ሆልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ለላቦራቶሪ እንዲመች አድርገው የጻፉትን ሒሳብ በሃያ መስመር ያህል ኮድ መፈተን ይቻላል። በመጀመሪያው ፕሮግራም ሁለቱ ፎቶኖች አንድ የጋራ ስውር ማዕዘን ይዘው ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ፖላራይዘርም የራሱን አቅጣጫና ይህንን ማዕዘን ብቻ አይቶ +1 ወይም −1 ይመልሳል። በአንዱ ወገን 0 እና 45 ዲግሪ፣ በሌላው ወገን 22.5 እና 67.5 ዲግሪ ቢመረጥ፣ ስውሩ ማዕዘን በእኩል ስርጭት ሲወጣ የ22.5 ዲግሪ ልዩነት ያላቸው ሦስቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው 0.5፣ የ67.5 ዲግሪ ልዩነት ያለው አራተኛው ደግሞ −0.5 ኮሪሌሽን (የሁለቱ ውጤቶች ብዜት አማካይ) ይሰጣሉ፤ ሦስቱ ተደምረው አራተኛው ሲቀነስም ውጤቱ 2 ይሆናል። ተማሪው ደንቡን እንደፈለገ ቢቀያይረው፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን አቅጣጫ እስካላየና ስውሩ መጠን ከአቅጣጫዎቹ ምርጫ ነጻ እስከሆነ ድረስ ከ2 ማለፍ አይችልም። በኳንተም ሒሳብ ግን ኮሪሌሽኑ የማዕዘኖቹ ልዩነት እጥፍ ኮሳይን ስለሆነ፣ አራቱ 0.707፣ 0.707፣ 0.707 እና −0.707 ሆነው ድምሩ 2.828 ይደርሳል። ይህን በፕሮባቢሊስቲክ ቋንቋ ለማግኘት የሁለቱን ወገኖች ውጤት ለየብቻ ማውጣት አይበቃም፤ የአራቱን የጋራ ውጤቶች ዕድል በኳንተም ቀመር አስልቶ ጥንዱን በአንድ ጊዜ ማውጣት ግድ ነው። አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር እ.ኤ.አ. የ2022ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ተፈጥሮ የሁለተኛውን ፕሮግራም ውጤት እንደምትሰጥ በሙከራ ስላሳዩ ነው። ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን የጻፈ ተማሪ ኳንተም ተራ ዕጣ እንዳልሆነ በገዛ እጁ ያረጋግጣል፤ ለዚህም ሲባል የመጀመሪያው ፕሮግራም መውደቁን እያወቁ ጭምር ማስጻፍ ተገቢ ይመስለኛል።

የኳንተሙን ሒሳብ የሚሠሩ መሣሪያዎች

ለአንድ፣ ለሁለትና ለሦስት ኪዩቢት ሙከራዎች ከፓይተን ቋንቋና ከቁጥር ላይብረሪው ከነምፓይ የሚበልጥ አያስፈልግም። ማትሪክስ ማባዛት የሚችል ተማሪ ሁሉንም ነገር ራሱ ጽፎ መረዳት ይችላል፤ መረዳቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ይበልጣል።

ሥርዓቱ ከአካባቢው ጋር ሲነካካና ኃይል ሲያፈስ ኪዩቲፕ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ተመራጭ ነው። ስለዚህ ላይብረሪ የተጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ዴንሲቲ ማትሪክስን (ከአካባቢው ጋር የተነካካን ሥርዓት ሁኔታ የሚገልጸውን የቁጥር ሠንጠረዥ) በጊዜ የሚያራምደውም፣ ዳሊባርድ፣ ካስተንና ሞልመር እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት የሞንቴ ካርሎ ዌቭ ፋንክሽን ዘዴም በውስጡ ተዘጋጅተው ይገኛሉ። ሁለተኛው ዘዴ የፎቶን መውጣትን እንደ ድንገተኛ ዝላይ ቆጥሮ ብዙ ጉዞዎችን በዘፈቀደ ያካሂድና አማካያቸውን ይወስዳል። ስለዚህ ዕጣና አምፕሊቱድ እርስ በርስ ሳይምታቱ አብረው የሚሠሩበትን መንገድ ለማሳየትም ጥሩ ምሳሌ ነው። በኳንተም ሰርኪዩት ላይ ለሚያተኩር ተማሪ የአይቢኤም ኪስኪት ይበቃል፤ እዚህ ግን በእርሱ ላይ አልቆይም።

ወሳኙ ገደብ ራም ነው። አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር በሙሉ ጥራት 16 ባይት ይይዛል፤ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር የዌቭ ፋንክሽኑ፣ ማለትም የሥርዓቱ አምፕሊቱዶች ዝርዝር፣ ርዝመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 20 ኪዩቢት 16 ሜጋባይት ብቻ ሲፈልግ፣ 28 ኪዩቢት 4 ጊጋባይት፣ 30 ኪዩቢት ደግሞ 16 ጊጋባይት ይፈልጋል። ዴንሲቲ ማትሪክስ ግን በእያንዳንዱ ኪዩቢት አራት እጥፍ ስለሚያድግ 4 ጊጋባይት የሚደርሰው ገና በ14 ኪዩቢት ነው። የሞንቴ ካርሎው ዘዴ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ማትሪክሱን ትቶ ዌቭ ፋንክሽኑን ብቻ ስለሚይዝ፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ጊዜ ወስዶ በማትሪክስ የማይችለውን ሥርዓት ሊሠራ ይችላል።

ከቆጠራ ወደ ፓራሜትር፦ የፕሮባቢሊስቲክ ቋንቋዎች ንጽጽር

አሁን ሁለተኛውን ሥራ እንይ። አንድ ኪዩቢት በማይክሮዌቭ ምት እየተነዳ ከታችኛው ወደ ላይኛው ደረጃ ይወዛወዛል እንበል። በእያንዳንዱ የምት ርዝመት ሙከራው 1000 ጊዜ ተደግሞ «ላይ ነው» የተባለበት ብዛት ተመዝግቧል። የሚፈለጉት የውዝዋዜው ድግግሞሽ፣ ውዝዋዜው የሚደክምበት ጊዜና የመሣሪያው የንባብ ስሕተት ናቸው። መሣሪያው ታች ያለውን ከ100 ሁለት ጊዜ «ላይ» ብሎ፣ ላይ ያለውን ከ100 አምስት ጊዜ «ታች» ብሎ የሚያነብ ከሆነ፣ የሚታየው ዕድል 0.02 ሲደመር የእውነተኛው ዕድል 0.93 እጅ ነው። የቆጠራው የዘፈቀደ ስሕተትም አለ፤ ዕድሉ ግማሽ በሆነበት ቦታ ሙከራውን 1000 ጊዜ መድገም የሚሰጠው ስሕተት 0.016 ያህል ሲሆን፣ 10,000 ጊዜ መድገም ወደ 0.005 ያወርደዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሞዴል ውስጥ በአሥራ አምስት መስመር ይጻፋል፤ ውጤቱም አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የግምቱ ሙሉ ስርጭት ነው።

ከዋናዎቹ አማራጮች አንዱ ስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የቀረበ፣ በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ፈር ቀዳጁ በስታኒስላቭ ኡላም ስም የተሰየመ፣ ጠንካራና በሰነድ የተደገፈ ቋንቋ ነው። ሞዴሉን ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ለውጦ ስለሚያጠናቅር ኮምፓይለር መጫን ያስፈልጋል፤ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ይህ የመጀመሪያው ቀን ፈተና ነው። ከተጠናቀረ በኋላ ግን ዳታው ቢቀየርም ያው ፕሮግራም እንደገና ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የስታን የትእዛዝ መስመር ሥሪት ናሙናዎቹን እየወጡ ሳሉ ወደ ፋይል ስለሚጽፋቸው፣ ሥራው በመሃል ቢቋረጥ እስከዚያ የተገኘው አይጠፋም። ድክመቱ ያልታወቀው መጠን ሙሉ ቁጥር ሲሆን፣ ለምሳሌ «ስንት ፎቶን ሳይቆጠር አለፈ?» ሲባል፣ በቀጥታ አለመቀበሉ ነው፤ ሁሉንም ሊሆኑ የሚችሉ ብዛቶች በሒሳብ ደምሮ ማስወገድ የተማሪው ሥራ ይሆናል።

ፓይኤምሲ ፓይተን ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም የቀለለ ነው። ሞዴሉ ሲነበብ ከፊዚክሱ ቀመር ጋር ይመሳሰላል፤ የናሙናዎችን ጤንነት የሚመረምሩ ሥዕሎችም በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሙሉ ቁጥር የሆኑ ያልታወቁ መጠኖችንም በሌላ የናሙና ዘዴ አቀናጅቶ ይቀበላል። የሚያስቸግረው በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ግራዲየንት (መጠኖቹ ትንሽ ሲቀየሩ ውጤቱ የሚቀየርበትን ልክ) ማስላት ሲያስፈልግ ነው። የዕድሉ ቀመር በሳይንና በኮሳይን ተጽፎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ከላይ እንዳለው የውዝዋዜ ምሳሌ፣ ችግሩ አይነሣም፤ ማትሪክስን በጊዜ ማራመድ ግዴታ ሲሆን ግን እውናዊውንና ምናባዊውን ክፍል ለያይቶ መጻፍ ይመጣል፤ ይህም ኮዱን ያረዝማል፣ ለስሕተትም ያጋልጣል።

ነምፓይሮ ጃክስ በተባለው የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ ላይ የቆመ ነው፤ ለኳንተም ሥራ የእኔ ምርጫም እርሱ ነው። ጃክስ ኮምፕሌክስ ቁጥርን፣ የማትሪክስ ኤክስፖኔንሺያልንና የእነዚህን ግራዲየንት ስለሚያውቅ፣ ተማሪው ሃሚልቶኒያኑን (የሥርዓቱን ኃይል የሚገልጸውን ማትሪክስ) እንዳለ ጽፎ፣ ዌቭ ፋንክሽኑን አራምዶ፣ ዕድሉን አስልቶ ወደ ቆጠራው ማስገባት ይችላል፤ ከኳንተሙ ሒሳብ እስከ ግምቱ ድረስ አንድ ቋንቋ ብቻ ይሆናል። ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉት። አንደኛ፣ ጃክስ ሲጫን የሚጠቀመው 32 ቢት ጥራት ስለሆነ 64 ቢት እንዲሆን በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ረጅም የጊዜ ሂደት ላይ የዕድሎቹ ድምር ከ1 ቀስ በቀስ ሊርቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ በተለመደው አሠራር ናሙናዎቹን የሚመልሰው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ሥራውን በየተወሰነ ናሙና ከፋፍሎ እየቆሙ ማስቀመጥ ይበጃል።

ለጁሊያ ቋንቋ ወዳጆች ቱሪንግ እኩል ብቃት አለው፤ በጁሊያ የተጻፉ የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን መፍቻዎችን በሞዴሉ ውስጥ በቀጥታ መጥራት መቻሉ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ሆኖም በአካባቢያችን አብሮ የሚሠራና የሚያርም ጓደኛ ማግኘት ለጀማሪ ወሳኝ ነው፤ ፓይተን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ደግሞ ጁሊያን የሚያውቅ ከማግኘት ይቀላል። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ፓይሮ ፓይቶርች ከተባለው የኒውራል ኔትወርክ ላይብረሪ ጋር ስለሚመጣ ለማውረድ ይከብዳል፤ ኒውራል ኔትወርክ ከሞዴሉ ጋር ካልተጣመረ በቀር አልመክረውም። ዌብፒፒኤል በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የክፍል ማሳያ ይጠቅማል፤ ከዚያ አያልፍም።

ከእነዚህ ከአብዛኞቹ በስተጀርባ ያለው ዋና የናሙና ዘዴ ሃሚልቶኒያን ሞንቴ ካርሎ መሆኑም ለፊዚክስ ተማሪ ሊነገረው ይገባል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1987 የቀረበው ኳርኮችን በሚመለከተው የጥልፍልፍ ኳንተም ክሮሞዳይናሚክስ ሒሳብ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ስታቲስቲክስ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ተማሪው የሚጭነው መሣሪያ ከፊዚክስ የተወሰደ ነው ማለት ነው።

ኪዩቲፕን ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋር ለማገናኘት የሚያስብ ሰው አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ ሃሚልቶኒያን ሞንቴ ካርሎ ግራዲየንት ይፈልጋል፣ ኪዩቲፕ ደግሞ እንደተጫነ ግራዲየንት አይሰጥም። ያልታወቁት መጠኖች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ ግራዲየንት የማይፈልግ የናሙና ዘዴ በፓይኤምሲ ውስጥ መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ ከበዙ ግን ሒሳቡን በጃክስ እንደገና መጻፍ ይሻላል።

መሣሪያው የማያድንባቸው ስሕተቶች

ከሁሉ የከፋው የድግግሞሽ መምታታት ነው። ልኬቱ በየ1 ማይክሮሰከንዱ ብቻ ቢወሰድ፣ 0.3፣ 0.7 እና 1.3 ሜጋኸርዝ ፍጹም ተመሳሳይ ዕድሎችን ይሰጣሉ። ያኔ ፖስተሪየሩ (ዳታው ከገባ በኋላ የሚገኘው የግምት ስርጭት) ብዙ ተራሮች ይኖሩታል፤ ናሙና አውጪውም አንዱ ላይ ወጥቶ ሌሎቹን ሳያይ ሊቀር ይችላል። ነምፓይሮን ትቶ ስታንን መያዝ ይህን አይፈታውም። መፍትሔው የሙከራው ንድፍ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጊዜዎች አጭር፣ ክፍተቶቹም እኩል ያልሆኑ ይሁኑ፤ አራት ሰንሰለቶችም (ለየብቻ የሚካሄዱ የናሙና ጉዞዎች) ከተለያየ ቦታ ተነሥተው አንድ ቦታ መድረሳቸው ይታይ።

ሁለተኛው፣ የንባብ ስሕተቱና የኪዩቢቱ መነሻ ሁኔታ ጉድለት ሁለቱም የውዝዋዜውን ስፋት የሚቀንሱ በመሆናቸው ከአንድ ዳታ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ሞዴሉ ሁለቱንም በነጻነት እንዲገምት ከተተወ፣ የሚመለሰው መልስ በአብዛኛው ተማሪው ራሱ ያስገባው ቅድመ ግምት ይሆናል። የንባብ ስሕተቱን ለብቻው የሚለካ ተጨማሪ ዳታ በሞዴሉ መኖር አለበት።

ሦስተኛው የጽንሰ ሐሳብ ነው። በፕሮባቢሊስቲክ ቋንቋ የታየውን ዳታ ማስገባት የእኛን ዕውቀት ያድሳል፤ ነገሩን ራሱን አይነካውም። በኳንተም ሙከራ መለካት ግን የኪዩቢቱን ሁኔታ ይለውጣል። በተከታታይ የሚለካ ሥርዓት ሲሞደል ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ የሚመጣውን አዲስ ሁኔታ በኳንተሙ ሒሳብ ውስጥ ተማሪው ራሱ መጻፍ አለበት፤ ቋንቋው ያደርግልኛል ብሎ መተው ሙሉውን ውጤት ያበላሻል።

ለማን ምን?

የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ የፊዚክስ ተማሪ የቤልን ሙከራ ወይም የአንድ ኪዩቢት ውዝዋዜን ወስዶ በነምፓይና በፓይኤምሲ እንዲሠራ እመክራለሁ፤ ቀመሩ የተዘጋ ስለሆነ የኮምፕሌክስ ቁጥሩ ችግር አያገኘውም፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕም ይበቃዋል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራና የአንድን ወይም የሁለት ኪዩቢቶችን ዴንሲቲ ማትሪክስ ከልኬት መልሶ መገንባት የሚፈልግ በነምፓይሮ ይሥራ። ማትሪክሱ አሉታዊ ዕድል እንዳይሰጥ አንድን የታችኛ ሦስት ማዕዘን ማትሪክስ ከኮንጁጌት ትራንስፖዙ ጋር አባዝቶ ለትሬሱ (ለሰያፍ መስመሩ ቁጥሮች ድምር) ማካፈል ይበቃል፤ ግምቱ ሁልጊዜ በፊዚክስ ተቀባይነት ያለው ይሆናል። ቀመሩ የታወቀ ሆኖ ዳታው ብዙ ለሆነበት፣ ተመሳሳይ ትንተናም በተደጋጋሚ ለሚያካሂድ መምህር ስታን ይመቻል። ያልታወቀ መጠን ከሌለና የሚፈለገው የሥርዓቱ በጊዜ መራመድ ብቻ ከሆነ ግን ፕሮባቢሊስቲክ ቋንቋ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ኪዩቲፕ ብቻውን ይበቃል።

የሚቻል ከሆነ ሥራው በጥንድ ቢሠራ መልካም ነው። ሃሚልቶኒያኑን የሚያውቀው የደሴ የፊዚክስ ተማሪና ኮድ ማረም የሚያውቀው የኮምቦልቻ የሶፍትዌር ተማሪ የሐረጎ መንገድ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ፓኬጆቹን አንዱ በግቢው ኢንተርኔት አውርዶ በፍላሽ ለሌላው ቢያደርስም የሞባይል ዳታ ወጪ ይቀንሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት የፓኬጅ ሥሪት መጫናቸውን ያረጋግጡ፤ የሥሪቶቹን ቁጥርና የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻም በጽሑፉ ውስጥ ያስፍሩ።

የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ እውነተኛ ዳታ ከመግባቱ በፊት መልሱ የታወቀ ሰው ሠራሽ ዳታ ይግባበት። ተማሪው ድግግሞሹንና የንባብ ስሕተቱን ከቅድመ ግምቱ ስርጭት በዕጣ ያውጣ፣ በእነርሱ ቆጠራውን ያመንጭ፣ ሞዴሉ መልሶ እንዲገምት ያድርግ፤ ይህንንም በየጊዜው አዲስ ዕጣ እያወጣ 100 ጊዜ ይድገም። ሞዴሉ 90 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ያስቀመጠው ክልል እውነተኛውን ዋጋ በ90ዎቹ ገደማ ካካተተ ሥራው ይቀጥል፤ በ60ዎቹ ብቻ ካካተተ ግን መሣሪያ ከመቀየር በፊት የዕድሉ ቀመር፣ የጊዜዎቹ ክፍተትና የሰንሰለቶቹ ስምምነት በዚሁ ቅደም ተከተል ይመርመሩ።